ከፍታው የት ገባ?

«ልቀቀው!» አሉ መምህር ጫምሳ ከታች ሆነው፣ ፀሐዩን በእጃቸው ጋርደው ሽቅብ እያዩ።

ኪሩ ገመዱን ለቀቀው። አሸዋ የተሞላው ቢጫ ጀሪካን ከፎቁ በረንዳ ቁልቁል ተምዘገዘገና ግቢው መሬት ላይ ዷ! ብሎ አረፈ። ሆዱ ተሰንጥቆ አሸዋው ዝርግፍ አለ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ጮኸ፤ ተጨበጨበ፤ ከኋላ አንዱ አፏጨ።

ማርቲ አላጨበጨበችም። የበረንዳውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ግንባሯ ላይ ከተለጠፈው ፕላስተር ሥር ቁስሏ ይጠዘጥዛት ጀመር። አደጋው ከደረሰ ነገ ሁለት ሳምንት ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ድምፅ በሰማች ቁጥር ግን ገና አሁን የደረሰ ይመስላታል።

«አሁን ደግሞ ሁለተኛውን!» አሉ መምህሩ። «ገመዱን ብረቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመውና ቀስ እያልክ አውርደው። ቸኩለህ እንዳትለቀው!»

ኪሩ ጠመጠመው። ሁለተኛው ጀሪካን እየተወዛወዘ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ የኪሩ ፊት ተጨማደደ።

«ቲቸር! ኧረ እጄ ተላጠ! ተቃጠልኩ በማርያም!»

«ያዘው! ያዘው! ጀግና አይደለህ እንዴ?»

«ጀግንነቱ ይቅርብኝ፣ መዳፌን መልሱልኝ!»

ሁሉም ሳቀ። ጀሪካኑ መሬት ላይ እንደ ሰው ቁጭ አለ፤ አንዲት ቅንጣት አሸዋ አልፈሰሰችም። መምህር ጫምሳ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡና ተማሪዎቹን ወደ ብረቱ ጠሩ።

«ገመዱ ያለፈበትን ቦታ ንኩት። ቶሎ በሉ፣ ሳይበርድ።»

ከማርቲ ጋር አንድ ዴስክ የምትጋራው ጂቱ እጇን ዘርግታ ነካችው። «ሞቋል» አለች በቀጭን ድምፅ። ጂቱ ክፍል ውስጥ ቃል ከተናገረች ቆይታለች። አባቷ ገመቹ ከታሰረ ጀምሮ ማለት ነው።

«እስቲ ልጠይቃችሁ» አሉ መምህሩ። «ሁለቱ ጀሪካኖች ክብደታቸው እኩል ነው። የወረዱትም ከእኩል ከፍታ ነው። ላይ በነበሩ ጊዜ ሁለቱም ውስጥ የተቀመጠ ጉልበት ነበረ፤ እምቅ ጉልበት ብለነዋል። የመጀመሪያው ሲወርድ ያ ጉልበት ፍጥነት ሆነ፤ ፍጥነቱም መሬት ሲነካ ሆዱን ቀደደው። ሁለተኛው ግን አልተሰበረም፤ ምንም አልሆነም። ታዲያ ከፍታው የት ገባ?»

«መዳፌ ውስጥ!» አለ ኪሩ እጁን እፍ እያለ።

«ልክ ነህ! ትቀልዳለህ፤ ግን ልክ ነህ። ከፍታው ሙቀት ሆኖ እጅህና ብረቱ ውስጥ ገባ። ጉልበት አይጠፋም ልጆች፤ መልኩን ነው የሚለውጠው። ማዶ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ ክንፎች አያችኋቸው? ይሄ ዓይናችን ውስጥ አቧራ የሚሞጅርብን የናዝሬት ነፋስ እዚያ መብራት ይሆናል።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ነፋስ እያለ እኛ ሰፈር መብራት ለምን ይጠፋል?»

«እሱ የሳይንስ ጥያቄ አይደለም፤ ዝም በል።»

እንደገና ተሳቀ። መምህሩም ሳቁ። ሳቁ ልባቸውን ከፍቶት መሰለኝ፣ ሳያስቡት ቀጠሉ። «ኪሩ ገመዱን ሦስት ጊዜ ቢጠመጥመው ኖሮ ብዙውን ብረቱ ይችልለት ነበር። ጨርሶ ባይጠመጥመው ደግሞ ሁሉንም እጁ ብቻ ነበር የሚችለው። መኪናም እንዲሁ ነው። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሞተሩ እንደዚህ ብረት ያግዘዋል፤ ከጉልበቱ ከፊሉን እሱ ይበላዋል። ማርሹ ዜሮ ላይ ከሆነ ግን የዚያ ሁሉ ተራራ ከፍታ የሚገባው ፍሬኑ ውስጥ ብቻ ነው። ፍሬኑ ይግላል፤ ይግላል፤ የፍሬኑ ሸራ አዲስም ቢሆን ይቃጠልና…»

ዓይናቸው ማርቲ ግንባር ላይ ካለው ፕላስተር ጋር ተጋጨ። ከዚያ ወደ ጂቱ ዞረ። አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ።

 ሁሉም ያውቃል። ናዝሬት ትልቅ ከተማ ናት ይባላል እንጂ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሆን አንድ ግቢ ናት።

«እንግዲህ… ለዛሬ ይበቃናል» አሉ መምህር ጫምሳ። «ያንን አሸዋ ጥረጉት።»

ማርቲ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እጇ አሁንም ብረቱ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልገባት አንድ ነገር ነበር። አሁን ገባት። ባይገባት ምናለ ብላ ተመኘች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የማርቲ አባት አብተው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሁሩታ ስንዴ እየጫነ ናዝሬት ያራግፋል። ያን ቅዳሜ ማርቲ ሁሩታ አክስቷ ጥሩነሽ ጋ አድራ፣ ጋቢና ውስጥ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ እየተመለሰች ነበር። ስኳር የመሰለ ሙዝ ገዝቶላት እየበላች ነበር። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ አባቷ እንደ ልማዱ ማርሹን ወደ ዜሮ መለሰው። ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። ሞተሩ ድምፁን ሲቀንስ፣ መኪናው በራሱ ክብደት እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ ማርቲ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትወደው ነበር። «ስሚ እንግዲህ፣ ናፍጣችን ሲያርፍ» ይላታል እየሳቀ። ሹፌሮቹ ናፍጣ የሚሰጣቸው ተለክቶ ነው። ከተሰጣቸው የቆጠቡት የእነሱ ነው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፌስታል ዓይነት ሽታ። ከዚያ በመስታወቱ ከኋላ ጎማ ሥር ነጭ ጭስ አየች። አባቷ ፍሬኑን ረገጠ። ደጋግሞ ረገጠ። እግሩ ጥጥ የሚረግጥ ይመስል ነበር። ማርሹን ሊመልሰው ታገለ፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ እንጂ አልገባለትም። ጥሩምባውን ይዞ ቀረ። ታች፣ መንገዱ ዳር፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠዋል። ጥሩምባውን ሲሰሙ ተበተኑ። አንዷ ግን የሽንኩርት ማዳበሪያዋን ልታነሣ ተመለሰች።

ዲንቄ ትባላለች። ስሟን ማርቲ ያወቀችው ከሞተች በኋላ ነው።

መኪናው የድንጋይ አጥር ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ እየተንከባለለ ነበር፤ ከሁሉ ነገር እሱ አይረሳትም፣ የሽንኩርቱ መንከባለል። ማርቲ ከግንባሯ ደም እየወረደ ወደ አባቷ ዞረች። ቀኝ እግሩ ብረት መሃል ተይዞ ተሰብሯል። እሱ ግን ገና ወደ እሷ አልዞረም። በደህናው በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ በእጁ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አስገባው። ከዚያ በኋላ ነው ዞሮ ፊቷን በሁለት እጁ የያዘው።

«ማርትዬ! ተርፈሻል? ተርፈሻል አይደል? ስሚኝ፤ ተኝተሽ ነበር። ምንም አላየሽም። ተኝተሽ ነበር፣ እሺ የኔ እናት?»

«እሺ» አለች። ለእሷ አስቦ መስሏት ነው። ያቺን ሴትዮ እንዳታስታውስ፣ በሕልሟ እንዳይመጣባት። ፖሊስ ሲጠይቃትም «ተኝቼ ነበር» አለች። ተጻፈ።

ፖሊሶቹ ማርሹን ሁለተኛ ላይ አገኙት። የፍሬኑን ሸራ ሲፈቱት ከሰል ሆኗል። ሸራው ከተቀየረ ሦስት ቀኑ ነበር። የቀየረው ገመቹ ነው፤ የጂቱ አባት፣ ጋራዡ ከእነማርቲ ቤት ሁለት መንገድ ብቻ ይርቃል። «ይሄ የሥራ ጉድለት ነው» ተባለ፤ ገመቹ ታሰረ። «ቁልቁለቱን በዜሮ ወርዶት ነው» ብሎ ነበር ገመቹ፤ አብተው ግን በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምወርደው ብሎ ማለ። ማርሹም እዚያው ሁለተኛ ላይ ነበራ።

አባቷ የእሷን ፊት ከመያዙ በፊት ለምን ማርሹን እንደ ነካ ነበር ያልገባት።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጂቱ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላለች። በምሳ እረፍት ቤቷ ሄዳ ያመጣችው ነው። በትምህርት ቀን ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ለአባቷ ምግብ ታደርሳለች።

«ትሸኚኛለሽ?» አለቻት።

ማርቲ አብራት ሄደች። ነፋሱ የመንገዱን አቧራ እያነሣ ይረጭባቸዋል። አንድ ባጃጅ ሙዚቃውን ከፍቶ አጠገባቸው ሲያልፍ ሹፌሩ «ቆንጆዎች፣ በነፃ!» ብሎ ጮኸ። በሌላ ቀን ቢሆን ጂቱ መልስ አታጣለትም ነበር።

«እናቴ ካንቺ ጋር እንዳልሄድ ነግራኛለች» አለች ጂቱ።

«ታዲያ ለምን…»

«አባቢ ነዋ። ‹ልጅቷ ምን አጠፋች፣ እሷም ልትሞት ነበር› አለ።» ምሳ ዕቃውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችው። «ማርቲ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እሺ።»

«መጀመሪያ ሲታሰር ‹በደንብ ነው ያሰርኩት፣ እጄን አውቀዋለሁ› ይል ነበር። ይጮህ ነበር። ትናንት ግን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እንጃ ልጄ። ምናልባት አንዷን ቡሎን ረስቼ ይሆን?› አለ። እጁን ዘርግቶ እያየ። ከዚያ አለቀሰ። እኔ አባቢ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።»

ማርቲ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ» አለች ጂቱ። «እውነት ረስቶ ቢሆንስ? የዚያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም፤ ሥራ በዝቶበት ነበር። እኔ ደግሞ ‹አባቢ ቶሎ ና፣ ልደቴ ነው› ብዬ ስደውልለት ነበር። ቸኩሎ ቢሆንስ? በእኔ ምክንያት ቢሆንስ? አባቴ ሰው ገድሏል ማለት እኮ ነው።»

«አልገደለም» አለች ማርቲ። ቃሉ ከአፏ አምልጦ ነው የወጣው።

ጂቱ ቆም ብላ አየቻት። «ምን አውቀሽ?»

ያኔ መናገር ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን እናንተም አንድ ቀን ይደርስባችሁ እንደሆነ ታዩታላችሁ፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከሃምሳ ኩንታል ስንዴ ይከብዳል።

«እንዲሁ… አባትሽን ስለማውቀው» አለች።

ጣቢያው በር ላይ ሴቶች ምግብ ይዘው ተሰልፈዋል። የበር ጠባቂው ፖሊስ የእያንዳንዷን ክዳን ያስከፍታል፤ ያመጣችው ራሷ ቀምሳ ካላሳየች አያስገባም። ተራቸው ሲደርስ «ቅመሺ» አላት። ጂቱ እንጀራውን ከነወጡ ቆርሳ ጎረሰች። ማላመጥ አቃታት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አፏ ምግብ ሞልቶ፣ ፖሊሱ ፊት ቆማ እስክትውጥ ድረስ ማርቲ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

«ሰኞ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል» አለች ጂቱ ስትመለስ። «ጠበቃው ‹ጥፋቴ ነው ብለህ እመን፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል› ብሎታል። የሚያምን ይመስለኛል።»

ማርቲ ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ተሻለች ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ነጠላዋን አላወለቀችም፤ ጫማዋ አቧራ እንደ ለበሰ ነው። እስከ ዛሬ ፈርታ ነበር፤ ዛሬ ጨክና የዲንቄ ቤት ለቅሶ ሄዳለች።

«እማዬ፣ ምን አሉሽ?»

«ምን ይሉኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። በድንጋይ ያባርሩኛል ብዬ ነበር።» ተሻለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ቦታ ለቀቁልኝ። ውኃ ሰጡኝ። የዲንቄ አባት፣ አባ ጀቤሳ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ እጄን ይዘው ‹ባልሽን ፈጣሪ ይማርልሽ፤ እሱም ተጎድቷል። ቤቴን ያፈረሰው ያ ሜካኒክ ነው› አሉኝ። ሦስት ልጅ ነው ትታ የሄደችው። ትንሿ ገና ጥርስ አላበቀለችም።»

ማርቲ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጫማ ፈታችላት።

«ልጄ፣ እንደዚያ ደግ ሲሆኑብኝ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፣ አልቻልኩም። ውኃውን መዋጥ አቃተኝ።» ተነሥታ እግሯን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች።

ማርቲ ወደ ውስጥ ገባች። አብተው እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ታሽጎ አልጋ ላይ ጋደም ብሏል። ክራንቹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እንደ ድሮው ቢሆን «መጣሽ ሹፌሯ?» ይላት ነበር። ዛሬ ጣሪያውን ነው የሚያየው።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ማርሹን ለምንድን ነው ሁለተኛ ውስጥ ያስገባኸው?»

«የቱን?»

«መኪናው ከቆመ በኋላ። በግራ እግርህ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ።»

አብተው ጣሪያውን ማየቱን ተወ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሸሸ መሰለ።

«ተኝተሽ ነበር» አለ።

«አልተኛሁም ነበር።»

ከጓሮ ውኃ በሳፋ ሲንቧቧ ይሰማል። ጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ኳስ እየታየ ነው፤ ሰዎች ጮኸው አቆሙ።

«አውቃለሁ» አለ አብተው።

ማርቲ ዴስክ ላይ እንደ ተቀመጠች ሁሉ እጇን አጣምራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አሥራ ስምንት ዓመት ነው በዜሮ የወረድኩት» አለ። ድምፁ የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነው፤ ዓይኑ ግን አላያትም። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሂጂ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የተሰለፉትን ሹፌሮች አንድ በአንድ ጠይቂ። ምንም ሆኜ አላውቅም። ያን ቀን አምስት ኩንታል ጨመሩብኝ። እኔም ሸራው አዲስ ነው፣ ይችላል አልኩ። አዲስ ስለሆነ ነው የተማመንኩት፣ ገባሽ? ገመቹ ስለሠራው ነው የተማመንኩት።»

«ከፍታው በሙሉ ፍሬኑ ውስጥ ነው የገባው» አለች ማርቲ።

«ምን?»

«ምንም። ዛሬ ተምረን ነው።»

አብተው መዳፉን ፊቱ ላይ አሳረፈ። «ያንቺ ጫማ በምን የተገዛ ይመስልሻል? ትምህርት ሲከፈት ያመጣሁልሽ? ባለመኪናው መርቆ የሰጠኝ ይመስልሻል? ቆጥቤ ነው። በጠብታ።»

ማርቲ ጫማዋን አየችው። ጥቁር ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የአሸዋ ዱቄት አለ። እስከ ዛሬ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ጫማ የእሷን ነበር የምትወደው።

«ጋሽ ገመቹ ቡሎን ረስቼ ይሆናል እያለ ያለቅሳል።»

አብተው የብርድ ልብሱን ጫፍ ጎተተ።

«አባዬ፣ አልረሳም አይደል?»

«አልረሳም» አለ በጣም ቀስ ብሎ። ወዲያው ግን ተነሥቶ ሊቀመጥ ታገለ፤ አመመውና መልሶ ተኛ። «ስሚኝ። እሱ ጋራዥ አለው። ወንድሞች አሉት፤ ጠበቃ ይዘውለታል። እኔ ምን አለኝ? ይሄ እግር ነው ያለኝ። እኔ ከገባሁ እናትሽን ማን ያበላታል? አንቺን ማን ያስተምርሻል? እስከ ሰኞ ብቻ ዝም በዪ። ለእኔ ብለሽ።»

«ከሰኞ በኋላስ?»

ይሄን አላሰበበትም። ወይም አስቦበት ይሆናል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ሄዳ ልታቅፈው ፈለገች። አቀፈችውም። አባቷ ነው። ናፍጣና ሳሙና የሚሸት፣ ሕፃን ሆና በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መሪውን ያስያዛት አባቷ ነው። እንደ ተቃቀፉ ቆዩ። ተሻለች እግሯን ታጥባ ስትገባ አየቻቸውና «እሰይ፣ እንዲህ አይዞህ አይዞሽ ተባባሉ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ማርቲ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች። ግንባሯ ላይ ያለውን ፕላስተር ቀስ ብላ ላጠችው፤ ቁስሉ ጠባሳ ይዟል። ጥቁር ጫማዋን አንሥታ ትንሽ ያዘችው፤ አቧራውን በእጇ ጠራረገችና መልሳ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ሸበጥ ተጫማች።

በሩ ጋ ስትደርስ አባቷ ዓይኑን ገልጦ እያያት ነበር። መጀመሪያ ፊቷን አየ፤ ከዚያ እግሯን። ሸበጡ ላይ ዓይኑ ቆየ።

ወዴት ነሽ አላላትም።

እጇን በሩ እጀታ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ‹ተመለሺ› ቢላት ትመለስ ነበር ይሆናል፤ እሷም አታውቀውም። ቢቆጣት ኖሮ ይቀላት ነበር። አብተው ግን አንገቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ ብዙ ቆየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ነፋስ አለ» አለ በመጨረሻ። «ሹራብሽን ደርቢ።»

ደረበች። ወጣች።

ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ጋሪዎች ጭነው ወደ ገበያ ይጎርፋሉ። ማርቲ ባጃጅ አልያዘችም። በእግሯ ሄደች፤ መንገዱ እንዲረዝምላት ፈልጋ ይሁን እንዲያጥርላት አላወቀችም። አንድ ጊዜ ቆማ ዞር አለች። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ ማዶ ኮረብታው ላይ፣ ነጫጮቹ ክንፎች ዝግ ብለው ይዞራሉ። ትላንት የተማሩት ትምህርት ቀላል ነበር፤ ገመድ፣ ጀሪካን፣ የኪሩ መዳፍ። መምህር ጫምሳ አንድ ነገር ብቻ አላስተማሯትም፤ እናቷ መዋጥ ያቃታት ውኃ፣ የአባ ጀቤሳ ምርቃት፣ የገመቹ እንባ የት እንደሚገባ። የሆነ ቦታ መግባቱ ግን አይቀርም። ያላጠፋ ሰው ውስጥ ገብቶ ነው እስካሁን የሚያቃጥለው።

ጂቱ ጣቢያው በር ላይ ሰልፉ ውስጥ ነበረች። ማርቲን ስታይ ፊቷ በራ።

«ምነው በጠዋት? ለእኔ ብለሽ ነው? አቦ፣ አንቺ እኮ…» እጇን ያዘቻት። «እጅሽ በረዶ ሆኗል።»

«ጂቱ…»

«ቆይ፣ ተራችን ደርሷል።»

«ለማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ለገመቹ።»

«ቅመሺ።» ጂቱ ቆርሳ ጎረሰች። ፖሊሱ ወደ ማርቲ ዞረ። «አንቺስ? ያንቺ የታለ?»

«እኔ ምግብ አልያዝኩም» አለች ማርቲ። ድምፁ የእሷ አይመስልም። «የሁሩታ መንገዱን አደጋ የያዘውን መርማሪ ነው የምፈልገው።»

«አንቺ ማነሽ?»

«የሹፌሩ የአብተው ልጅ ነኝ። ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ተኝታ ነበር ተብሎ የተጻፈው እኔ ነኝ።» አየር ሳበች። «አልተኛሁም ነበር።»

የጂቱ መንጋጋ ቆመ። ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ፣ አላላመጠችውም፣ አልዋጠችውም።

ፖሊሱ ማርቲን ከእግር እስከ ራሷ አያት። አቧራ የለበሰውን ሸበጥ፣ ጠባሳውን። «ወላጅ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«እዚያ ተቀመጪ። ልጠይቅልሽ» ብሎ ገባ።

በሩ አጠገብ ረጅም የብረት አግዳሚ አለ። ማርቲ ተቀመጠች። ጂቱም መጥታ ተቀመጠች። ምሳ ዕቃው ጭኗ ላይ ነው።  ከዚያ ጉርሻዋን ዋጠች።

«ሁለት ሳምንት» አለች።

ማርቲ ‹ያልገባኝ ነገር ነበር፣ የገባኝ ትላንት ነው› ልትል ነበር፤ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ትላንትም በዚሁ በር ቆማ መሬት መሬቱን ስታይ ነበር።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አባቴን ስጠረጥረው» አለች ጂቱ። ተነሣችና አግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ሄዳ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጠቻት። ምሳ ዕቃውን ግን እንደ ሕፃን በሁለት ክንዷ አቅፋው ነበር።

ነፋሱ በግቢው በር እየገባ ሰልፍ የቆሙትን ሴቶች ነጠላ ያነሣል። ማርቲ የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት መዳፏ ጨብጣ ጠበቀች። ስትቀመጥ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«የአብተው ልጅ!» አለ ድምፅ ከውስጥ። «ነይ ግቢ።»

ማርቲ እጇን ከብረቱ ላይ አነሣች። ጨብጣው የነበረው ቦታ ሞቋል። ሹራቧን ወደ ታች ጎተት አደረገችና ገባች።